በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ፦ የምርት ኃላፊነትና ኢንሹራንስ ደረጃ በደረጃ

አሜሪካ ባሉ የሐበሻ መደብሮች ከተደረደሩት የበርበሬና የሽሮ ከረጢቶች ጥቂት በማይባሉት ላይ የሰፈረው አድራሻ የአንድ ቤተሰብ አነስተኛ መጋዘን ነው። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ወፍጮ ቤት በጆንያ ያስመጣል፣ እዚህ በትንንሹ ያሽጋል፣ ስሙን ይለጥፋል፣ ለመደብሮች ያዳርሳል። እንጀራ ጋግሮ የሚያስረክብ፣ አዋዜ በጠርሙስ የሚሞላ፣ ዳቦ ቆሎ በኢንተርኔት የሚሸጥም አለ። ይህ መመሪያ ለእነዚህ ሰዎች ነው። ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ግብር የሚነግራቸው አያጡም፤ እኔ የምጽፈው ዕቃው ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል ነው።

መልሱ ደስ አያሰኝም። የተጎጂው ጠበቃ ወፍጮ ቤቱን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም። ከረጢቱ ላይ ስሙ የተጻፈውን ሰው ይከስሳል፤ ያ ሰው እርስዎ ነዎት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ መጥሪያ የደረሰው ሰው ይህን ጽሑፍ ሳይሆን ጠበቃ ይያዝ።)

ደረጃ 1፦ ሕጉ በምን እንደሚይዝዎ ይወቁ

«እኔ አልፈጨሁትም፤ የገዛሁትን ነው የሸጥኩት» የሚለው መከላከያ አሜሪካ ውስጥ ጉልበቱን ካጣ ቆይቷል። በ1916 የኒውዮርክ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማክፈርሰን የተባለ ሰው በቡዊክ የመኪና ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ፣ የእንጨት መንኮራኩሩ ተሰብሮ የተጎዳው ገዢ መኪናውን የገዛው ከአከፋፋይ ቢሆንም አምራቹን መጠየቅ ይችላል ሲል ወሰነ። በ1963 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ እርምጃ ቀጠለ። ከሳሹ ግሪንማን የተጎዳው ሚስቱ በስጦታ በሰጠችው የእንጨት ሥራ ማሽን ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ጉድለት ያለበትን ዕቃ ገበያ ላይ ያዋለ አምራች ቸልተኛ መሆኑ ባይረጋገጥም ይጠየቃል አለ። በዓመቱ ያው ፍርድ ቤት ኃላፊነቱን ወደ ሻጩም አሻገረው። ዛሬ በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚሠራው በዚህ መንገድ የመጣው ያለ ጥፋት ኃላፊነት ነው፤ ተጎጂው ዕቃው ጉድለት እንደነበረበትና ጉድለቱ እንደጎዳው ያስረዳል፣ የሻጩ ጥንቃቄ ማነስ ጥያቄ ውስጥ አይገባም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ልዩነቱ ያለው በካሳው ነው። ያው ሕግ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ በ1000 ብር ጣሪያ ይዘጋዋል። አሜሪካ ውስጥ ለሥቃይ ብቻ የሚጠየቀው ገንዘብ ከሕክምናው ወጪ ሊበልጥና በመቶ ሺዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል። አገር ቤት የለመድነውን ግምት ይዘን ኢንሹራንስ ከገዛን የምናንሰው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ 3 ዓይነት ጉድለት ያውቃል። የመጀመሪያው የአሠራር ጉድለት ነው፦ ከመቶ ከረጢት አንዱ ውስጥ ጠጠር ወይም ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይገባል። ሁለተኛው የንድፍ ነው፦ የአዋዜው ጠርሙስና አሞላሉ ውስጡ ሲብላላ የሚፈጠረውን ጋዝ እንዲችል ተደርጎ ባለመታሰቡ ክዳኑ ይፈነዳል። ሦስተኛው የማስጠንቀቂያ ነው፦ እንጀራው የስንዴ ዱቄት አለበት፣ መለያው ግን ጤፍ ብቻ ይላል። ለእኛ ነጋዴዎች ከሦስቱ የሚያስፈራኝ የመጨረሻው ነው። መለያውን የጻፉት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ጥፋቱን የሚጋራ ወፍጮ ቤት የለም።

አሁን ወደ ግዛቶች። ከኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትልቁ ክፍል በሚኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ሕጉን ይቀይራል። ሜሪላንድና ዲሲ ያለ ጥፋት ኃላፊነትን ተቀብለዋል፤ ቨርጂኒያ ግን አልተቀበለችም። እዚያ ተጎጂው ቸልተኝነትን ወይም ሻጩ ለዕቃው የሚሰጠውን የዋስትና ግዴታ መሠረት አድርጎ መክሰስ አለበት። «መጋዘኔ አሌክሳንድሪያ ስለሆነ ተርፌያለሁ» ለማለት ግን አይቸኩሉ። ሜሪላንድም ሆነች ቨርጂኒያ በእንዲህ ያለ ክስ የሚመለከቱት ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ ሕግ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የተሸጠው ከረጢትዎ እዚያው ሰው ካሳመመ የቨርጂኒያ አድራሻዎ አያድንዎትም።

አንዳንድ ግዛቶች ንጹሕ ሻጭን የሚከላከል ሕግ አላቸው። ሜሪላንድ ታሽጎ የመጣን ዕቃ ሳይከፍት የሸጠን ሰው ትጠብቃለች፤ ቴክሳስም አምራች ላልሆነ ሻጭ መከለያ ሰጥታለች። ሁለቱም ሕጎች ግን እኛን በሚመለከት ቦታ ላይ ቀዳዳ አላቸው፦ አምራቹ በግዛቱ ፍርድ ቤት ሊደረስበት የማይችል ከሆነ መከለያው ይነሳል። የኢትዮጵያው ወፍጮ ቤት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። በዚያ ላይ ጆንያውን ፈትተው በትንንሹ ካሸጉት «ሳልከፍት ሸጥኩት» ማለትም አይችሉም።

የይርጋው ጊዜም (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ገደብ) ይለያያል። ለአካል ጉዳት በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድ፣ በዲሲና በዋሽንግተን ግዛት 3 ዓመት ነው። የሚቆጠረው ዕቃው ከተሸጠበት ሳይሆን በጥቅሉ ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ከታወቀበት ቀን ስለሆነ፣ ከሸጡ ከዓመታት በኋላ ሊከሰሱ ይችላሉ።

«ኤልኤልሲ አለኝ» የሚሉኝም ብዙ ናቸው። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) የድርጅቱ ዕዳ ወደ ቤትዎና ወደ ግል ባንክ ሂሳብዎ እንዳይሻገር ይከላከላል። እርስዎ በገዛ እጅዎ ለፈጸሙት ቸልተኝነት ግን አይከልልም። በርበሬውን የሚቀላቅለው፣ የሚያሽገው፣ መለያውን የሚጽፈው ባለቤቱ ራሱ በሆነበት አንድ ወይም ሁለት ሰው ድርጅት ውስጥ ያ ከለላ ስስ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎችዎን ከነአደጋቸው በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ይህን ሳይሠሩ ወደ ኢንሹራንስ ደላላ አይሂዱ፤ የሚጠይቅዎትን አያውቁምና። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደፈጨው፣ ምን እንዳለበት፣ ማንን ሊጎዳ እንደሚችል ይጻፉ።

በርበሬ ብዙ ደጃፍ የሚያልፍ ዕቃ ነው። ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይደለዛል፣ ከቅመሙ ጋር ይፈጫል። ሳይደርቅ የተከማቸ ዛላ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በምግብ ውስጥ እርምጃ የሚወስድበት የአፍላቶክሲን መጠን ከቢሊዮን 20 እጅ ነው። ሳልሞኔላ በደረቅ ቅመም ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል፤ ወጥ ውስጥ ሲፈላ ይሞታል፣ ሚጥሚጣ ግን ጥሬ ሥጋ ላይ ይነሰነሳል። ቀለም ለማድመቅ የሚጨመሩ ሱዳን የሚባሉ የኢንዱስትሪ ቀለሞች ክልክል ናቸው። እርድና ቀረፋ ላይ ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊገኝ ይችላል። በ2023 ቀረፋ የተጨመረበት ለሕፃናት ተፈጭቶ የላመ ፖም አሜሪካ ውስጥ ብዙ ልጆችን በእርሳስ መርዟል። ቀረፋው የተበከለው ኢኳዶር ውስጥ በተፈጨበት ደረጃ ሳይሆን አይቀርም፤ ኤፍዲኤም በቀጥታ ወደ አሜሪካ በማይልክ የውጭ ፈጪ ላይ ያለው ሥልጣን ውስን መሆኑን ገልጿል። ተቆጣጣሪው ያልደረሰበትን ወፍጮ ቤት እርስዎ ካልደረሱበት ማንም አይደርስበትም።

እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር መለያው ነው። የአሜሪካ ሕግ በግልጽ እንዲጻፉ የሚያስገድዳቸው አለርጂ ቀስቃሾች 9 ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሸርጣንና መሰሎቹ፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ለውዝ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ። ሰሊጥ የተጨመረው ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት ያሳተሙትን መለያ ዛሬም የሚለጥፉ ከሆነ ይመልከቱት። ገብስ ከ9ኙ ውስጥ የለም፤ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ግን አለበት። «ግሉተን የሌለው» ብለው ከጻፉ ምግቡ ከሚሊዮን 20 እጅ በታች መሆን አለበት። ጤፉ በራሱ ንጹሕ ነው። ጤፉን የፈጨው ወፍጮ ከዚያ በፊት ስንዴና ገብስ ፈጭቶ ከነበረ ግን ዱቄቱ ንጹሕ አይደለም፤ የሰፈር ወፍጮ ሁሉንም እንደሚፈጭ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሳይመረመር ይህን ቃል መለያ ላይ ማተም በፈቃደኝነት የክስ ሰነድ መጻፍ ነው።

ደረጃ 3፦ ወደ አቅራቢዎ ይመለሱ

በ2011 የወጣው የምግብ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ የውጭ አቅራቢን የማረጋገጥ ግዴታ በአስመጪው ላይ ጥሏል። ዕቃው ወደብ ሲደርስ ኃላፊነቱን የሚወስደው አስመጪ ስምና መለያ ቁጥር ይመዘገባል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ (መጠኑ በዋጋ ንረት ይስተካከላል) በጣም አነስተኛ አስመጪ ቀለል ያለ አሠራር ተፈቅዶለታል፤ በዋናነት ከአቅራቢው የጽሑፍ ማረጋገጫ ይዞ በየ2 ዓመቱ ማሳደስ ይጠበቅበታል። ሰነዶቹ ቢያንስ 2 ዓመት ይቀመጣሉ። ኢትዮጵያ ያለው ማሸጊያ ወይም ወፍጮ ቤትም ኤፍዲኤ ዘንድ ተመዝግቦ አሜሪካ ውስጥ ወኪል ሊኖረው ይገባል፤ ምዝገባው በየ2 ዓመቱ፣ በተጋማሽ ቁጥር ዓመት፣ ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 31 ይታደሳል።

በሻንጣ ስለሚመጣው በርበሬ አጥብቄ ልናገር። እናትዎ ለቤትዎ የላኩልዎ በርበሬ የግል ዕቃ ነው። ያንኑ ከፋፍለው በከረጢት ከሸጡት ሳይገለጽ የገባ የንግድ ዕቃ ሆኗል። ሰው ቢጎዳ መድን ሰጪው የመጀመሪያ ጥያቄው የማስገቢያ ሰነዱ ነው፤ የተጎጂው ጠበቃም ሁለተኛ ማስረጃ አይፈልግም።

ከአቅራቢው ጋር የሚፈርሙት ውል አጭር ቢሆንም ይኑር። የሚከተሉት ነገሮች አይቅሩበት፦ ምን ሊጨመር እንደማይፈቀድ፣ እያንዳንዱ ጭነት የምርት ቁጥር እንዲኖረው፣ የምርመራ ውጤት ከጭነቱ ጋር እንዲመጣ፣ በዕቃው ምክንያት ካሳ ከከፈሉ አቅራቢው እንዲተካልዎ። የመጨረሻው ነጥብ ወረቀት ላይ ያማረ ይመስላል፤ ማስፈጸሙ ነው ችግሩ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ውሳኔ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ አገሮቹ አንዱ የሌላውን ፍርድ የሚቀበሉ መሆናቸው ስለሆነ መንገዱ ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ ግን በ2020 የውጭ አገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የተደረገውን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀላቅላለች። ስለዚህ ውሉ ላይ «ክርክሩ በፍርድ ቤት» ከማለት «በግልግል ዳኝነት» ማለት የተሻለ ዕድል ይሰጣል። ይህ ሆኖም ወፍጮ ቤቱ የሚከፍለው ገንዘብ ከሌለው ምንም አይገኝም፤ አቅራቢዎ ኢንሹራንስ አለኝ ካለም ፖሊሲው አሜሪካ ውስጥ የሚቀርብ ክስን ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ። ከአሜሪካ ውጭ የሚጻፉ ብዙ የኃላፊነት ፖሊሲዎች አሜሪካንና ካናዳን ለይተው ያወጣሉ።

ደረጃ 4፦ የምርት ቁጥር፣ ናሙና፣ ምርመራ

በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የምርት ቁጥር ይኑር። የትኛው ጆንያ የትኞቹ ከረጢቶች ውስጥ እንደገባና የትኞቹ መደብሮች እንደተረከቡ የሚያሳይ አንድ መዝገብ ይበቃል፤ ለዚህ ውድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አያስፈልግም። ከየምርቱ አንድ የታሸገ ከረጢት ለይተው ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ሰው «በርበሬያችሁ አሳመመኝ» ሲል፣ በተከፈተና ወጥ ቤት ውስጥ ከርሞ በነበረ ከረጢት ላይ ብቻ ከመከራከር ያልተከፈተውን አቻውን ማስመርመር ትልቅ ልዩነት አለው። ምርመራውን እውቅና ባለው ቤተ ሙከራ ያሠሩ፤ ቢያንስ ሳልሞኔላ፣ አፍላቶክሲንና እርሳስ።

ደረጃ 5፦ ኢንሹራንሱን ይግዙ፣ ከመግዛትዎ በፊት ግን ያንብቡት

የሚፈልጉት ፖሊሲ በአብዛኛው ኮሜርሻል ጄኔራል ላይቢሊቲ (አጠቃላይ የንግድ ኃላፊነት ኢንሹራንስ) የሚባለው ነው። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ መጋዘንዎ ውስጥ ደንበኛ ተንሸራቶ ቢወድቅ የሚከፍለው ነው። ሌላው ዕቃው ከእጅዎ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሰው ሲጎዳ የሚከፍለው ነው፤ ስሙ ፕሮዳክትስ ኮምፕሊትድ ኦፕሬሽንስ ይባላል። ፖሊሲው ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፍቱት የፊት ገጹን ይሁን። በዚህ ስም ፊት ለፊት የገንዘብ መጠን ካለ ሽፋን አለዎት። «ኤክስክሉድድ» (አይሸፈንም) የሚል ካለ የከፈሉት ዓረቦን ለተንሸራተተ ደንበኛ ብቻ ነው። ርካሽ ፖሊሲ ተገኘ ሲባል ብዙ ጊዜ ርካሽ ያደረገው ይህ ቃል ነው።

የተለመደው ወሰን (መድን ሰጪው የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን) ለአንድ ክስተት 1 ሚሊዮን፣ ለዓመቱ በድምሩ 2 ሚሊዮን ዶላር ነው። መደብሮችና ትልልቅ አከፋፋዮችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ አማዞንም በአንድ ወር ውስጥ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሸጠ ነጋዴ ቢያንስ የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ይጠይቃል።

የምግብ ቤት ፖሊሲ ያላቸው ሰዎች እዚህ ይቁሙ። ምግብ ቤትዎ ውስጥ ወጥ ለሚበላ ደንበኛ የተጻፈ ፖሊሲ፣ በጎን አሽገው ለ15 መደብር የሚያከፋፍሉትን በርበሬ ላይሸፍን ይችላል። አንዳንድ ፖሊሲ በፊት ገጹ ከተዘረዘረው የሥራ ዓይነት ውጭ ያለውን ሁሉ የሚያወጣ ማሻሻያ (ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝና ቃሉን የሚቀይር ገጽ) ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «ምግብ ቤት» ብቻ አይጻፉ፤ ማስመጣት፣ ማሸግ፣ ማከፋፈል፣ በኢንተርኔት መሸጥ ካለ ሁሉም ይጻፍ። ዓረቦን ይጨምራል ብሎ መደበቅ ከሁሉ የከፋው ቁጠባ ነው፤ ጉዳት ሲደርስ መድን ሰጪው ማመልከቻውን አውጥቶ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል።

ዓረቦኑ የሚሰላው በአብዛኛው በጠቅላላ ሽያጭ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ተመኑ ለ1000 ዶላር ሽያጭ 4 ዶላር ቢሆንና በዓመት የ180,000 ዶላር ቢሸጡ 720 ዶላር ይመጣል፤ መድን ሰጪው ከዚህ የሚበልጥ ዝቅተኛ ዓረቦን ካለው ግን እሱን ይከፍላሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳብዎ ይመረመራል፣ ከገመቱት በላይ ከሸጡ ልዩነቱን ይከፍላሉ። በጥሬ ገንዘብ የሸጡትን አሳንሰው ያስመዘገቡ ነጋዴዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ማግለያዎቹ (ፖሊሲው አልሸፍንም ወደሚላቸው ነገሮች) ይግቡ። ደላላው «ስታንዳርድ ነው» ቢልዎትም ገጹን ይክፈቱት። ቅመም ለሚሸጥ ሰው የምፈልጋቸው እነዚህን ነው፦

እርሳስን የሚያገልል ማሻሻያ። ለቤት ቀለም ታስቦ የተጻፈ ቢሆንም ቃሉ ሰፊ ከሆነ በእርድዎ ውስጥ የተገኘውንም እርሳስ ይይዛል። ማስነሳት ካልተቻለ ሌላ መድን ሰጪ ይፈልጉ።

ባክቴሪያንና ፈንገስን የሚያገልል ማሻሻያ። በስፋት ጥቅም ላይ ያለው ቅጽ ለሰው ምግብነት በተዘጋጀ ዕቃ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ከማግለያው ያወጣዋል፤ ይህ መልካም ነው። አንዳንድ መድን ሰጪዎች የራሳቸውን ቃል ስለሚጽፉ ግን ያ የማውጫ ሐረግ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

የራስዎን ዕቃ ዋጋ። ሁሉም ፖሊሲ ያገልለዋል። የተበላሸውን በርበሬ ዋጋ ማንም አይተካልዎትም፤ የሚከፈለው ዕቃው ለጎዳው ሰውና ንብረት ነው።

ከገበያ የመሰብሰብ ወጪ። ይህንን በተለይ ያስምሩበት። ዕቃው ሰው ከመጉዳቱ በፊት ከመደብር ለመሰብሰብ የሚወጣው ሁሉ፣ ትራንስፖርቱ፣ ማስወገዱ፣ ለመደብሮቹ የሚመለሰው ገንዘብ፣ ከተለመደው ፖሊሲ ውጭ ነው። ለብቻው የሚገዛ የብክለትና የመሰብሰብ ኢንሹራንስ አለ። ዋጋው ለትንሽ ነጋዴ ይከብዳል፤ ነገር ግን አነስተኛ ወሰን ያለውን እንደ ማሻሻያ በዋናው ላይ የሚጨምሩ መድን ሰጪዎች ስላሉ ይጠይቁ። በእኔ ግምት አነስተኛ ቅመም አስመጪን የሚጥለው ከክስ ይልቅ ይህ ወጪ ነው።

ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ለደላላው ያቅርቡ። የጠበቃ ወጪ ከወሰኑ ላይ የሚቀነስ ነው ወይስ ተጨማሪ? በተለመደው ቅጽ ተጨማሪ ነው፤ በአንዳንድ ልዩ ገበያ በሚሸጡ ፖሊሲዎች ግን 1 ሚሊዮኑን ጠበቃ ይበላዋል። ሁለተኛው፦ ከአንድ ምርት ቁጥር የወጣ በርበሬ 40 ሰው ቢያሳምም አንድ ክስተት ነው ወይስ 40? የእርስዎ ድርሻ ለእያንዳንዱ ክስተት 2,500 ዶላር ከሆነ በመጀመሪያው መልስ 2,500፣ በሁለተኛው 100,000 ይከፍላሉ። ፍርድ ቤቶችም በዚህ አንድ ድምፅ የላቸውም፤ በውሉ ላይ ተጽፎ ማየት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ መደብሩ ወረቀት ሲጠይቅ

አከፋፋዩ ወይም መደብሩ የኢንሹራንስ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ደላላዎ በነጻ ይሰጥዎታል። ያ ወረቀት ፖሊሲ መኖሩን ከማሳየት ያለፈ መብት አይሰጥም። መደብሩ «ተጨማሪ ኢንሹራንስ ገቢ» ሆኖ መካተት ከፈለገ ለሻጮች የሚሰጠው ማሻሻያ በፖሊሲው ላይ መጨመር አለበት። እርስዎም የሌላ ሰው ዕቃ የሚያከፋፍሉ ከሆነ ከአምራቹ ያንኑ ይጠይቁ፤ ግን ዕቃውን ፈትተው ካሸጉት ወይም መለያ ከቀየሩ ማሻሻያው እንደማይሸፍንዎት ይወቁ።

ደረጃ 7፦ አቤቱታ ሲመጣ

የእኛ ልማድና የአሜሪካ ፖሊሲ ፊት ለፊት የሚጋጩት እዚህ ነው። ደንበኛ ታመመ ሲባል እኛ ሽማግሌ ይዘን፣ ብርቱካንና ጭማቂ ገዝተን እንሄዳለን፤ ጥፋቱ የማን መሆኑ ሳይለይ «ይቅርታ፣ የሕክምናውን እኛ እንችላለን» እንላለን። ፖሊሲው ደግሞ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ የሚከፍሉት ገንዘብም ሆነ የሚገቡት ቃል በራስዎ ኪሳራ ነው ይላል፤ የሚፈቀደው የመጀመሪያ እርዳታ ወጪ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው የተናገሩትም በኋላ ምስክር ሊጠራበት ይችላል።

ታማሚን አይጠይቁ አልልም። ይሂዱ፣ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ይበሉ፣ ስለ በርበሬው አይናገሩ፣ ገንዘብ አይስጡ፣ ወረቀት አይፈርሙ፣ በቫይበርና በዋትስአፕ ስለ ጉዳዩ አይጻፉ። ሽምግልናው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ መድን ሰጪው ካወቀና ከተስማማ በኋላ ይሁን። ብዙ ክስ የሚያልቀው በስምምነት ስለሆነ መድን ሰጪውም ቶሎ መታረቁን አይጠላም።

በዚያው ቀን የሚሠሩት ይህ ነው፦ ለደላላውና ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ያሳውቁ። «ነገሩ ይበርዳል» ብሎ መጠበቅ የማሳወቅ ግዴታን መጣስ ሊሆን ይችላል። የዚያን ምርት ቁጥር ናሙና ለይተው ይቆልፉ። የመላኪያና የመረከቢያ ሰነዶቹን ሰብስቡ የሚል መልእክት ለሠራተኞችዎ ይላኩ፤ ምንም ነገር አይጣል፣ አይሰረዝ። ድርጅትዎ ኤፍዲኤ ዘንድ የተመዘገበ ከሆነና ዕቃው ከባድ የጤና ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ካወቁ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኤፍዲኤ የማሳወቅ ግዴታ አለ።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰ ቀኑን ይቁጠሩ። በፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በቨርጂኒያና በዲሲ መልስ ለመስጠት ያለዎት 21 ቀን ነው፤ በሜሪላንድ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ግዛቱ ውስጥ መጥሪያ ለደረሰው 30 ቀን። ካለፈ ከሳሹ በሌሉበት ፍርድ ሊያገኝ ይችላል። መጥሪያውን ለመድን ሰጪው በዚያው ቀን ያስተላልፉ፤ ጠበቃ መቅጠር የእሱ ግዴታ ነው።

አንዳንዴ መድን ሰጪው «እከላከልልዎታለሁ፣ ነገር ግን ላለመክፈል መብቴን ጠብቄ ነው» የሚል ደብዳቤ ይልካል። ይህን ደብዳቤ እንደ ተራ ወረቀት አያስቀምጡት። እሱ የቀጠረልዎ ጠበቃ ክሱን ይከራከራል እንጂ ስለ ሽፋኑ ከመድን ሰጪው ጋር አይከራከርልዎትም፤ ለዚያ የራስዎ ጠበቃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 8፦ ንግዱን ሲያቆሙ ወይም መድን ሰጪ ሲቀይሩ

የተለመደው ፖሊሲ የሚከፍለው ዕቃው በተሸጠበት ሳይሆን ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው ነው። በመጋቢት 2024 የሸጡት ከረጢት በየካቲት 2025 ሰው ካሳመመ የሚጠየቀው የ2025ቱ ፖሊሲ ነው። በርበሬ ደግሞ ሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ለዓመታት የሚያስቀምጠው ነገር ነው። መጋዘኑን ዘግተው በዚያው ወር ኢንሹራንሱን ካቋረጡ፣ በየቤቱ የቀረው ከረጢት ያለ ሽፋን ቀርቷል ማለት ነው። ለተቋረጡ ምርቶች የሚሰጥ ሽፋን አለ፤ ሽያጭ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ይረክሳል። ከመዝጋትዎ በፊት ደላላውን ይጠይቁ፣ ቢያንስ በግዛትዎ ካለው የይርጋ ጊዜና ዕቃው በሰው ቤት ሊቆይ ከሚችልበት ጊዜ ጋር እንዲመጣጠን አድርገው ይግዙት። የመጨረሻውን ጆንያ ናሙናና መዝገብም ሽፋኑ እስኪያልቅ ድረስ አይጣሉ።